የሐኪሙ የቶማስ ዊሊስ ታሪክ

፩

የተማረ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተማረውን ለሌላው ሰው ጥቅም የሚያውል ጥቂት ነው። ከእነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ቶማስ ዊሊስ የሚባል የእንግሊዝ አገር ሐኪም ነበረ። ይህ ሰው ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ሐኪሞች የሰውን አንጐል በመረመሩ ጊዜ ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን ይጠራሉ። ስሙ የሚጠራውም ስለ ሀብቱ ወይም ስለ ሹመቱ አይደለም። ከአንጐል በታች ያለውን የደም ሥሮች ቀለበት በሚገባ አይቶ፥ ሥዕሉን አሠርቶ፥ ጥቅሙንም ለሰው ሁሉ ስለ ገለጠ ነው።

ቶማስ የተወለደው በ1621 ዓ.ም. ግሬት ቤድዊን በምትባል መንደር ነው። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ የርስት ጠባቂ ነበረ። ኋላም ቤተ ሰቡ ኦክስፎርድ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ወዳለ መንደር ሄዶ ተቀመጠ። ኦክስፎርድ በትምህርት ቤቶቹና በመጻሕፍቱ ብዛት ስሙ የታወቀ ከተማ ነው። ቶማስ አሥር ዓመት በሆነው ጊዜ እናቱ ሞተችበት።

ልጁ በየቀኑ ከመንደሩ ወደ ከተማው በእግሩ እየሄደ ይማር ነበረ። በመንገድ ላይ ድሆች ባገኘ ጊዜ የያዘውን ምሳ እየሰጣቸው ራሱ ጦሙን ይውል ነበረ ይባላል። አባቱም ይህን በሰማ ጊዜ ልጁ በረኀብ እንዳይጐዳ ፈርቶ፥ ከቤት ሳይወጣ በፊት በዓይኑ ፊት እንዲበላ አዘዘ። ለድሃ የማዘን ልማድ ግን ከልጁ አልራቀም፤ እስኪሞት ድረስ አብሮት ኖረ።

፪

በ1637 ዓ.ም. ቶማስ በኦክስፎርድ ወዳለው ክራይስት ቸርች ወደሚባለው ኮሌጅ ገባ። ለትምህርቱ የሚከፍለው ብዙ ገንዘብ አልነበረውምና ለአንድ ካህን ሎሌ ሆኖ እያገለገለ ይማር ነበረ። የሎሌነት ምልክት የሆነውን ሰማያዊ ካባ ለብሶ ከአዳራሹ በር አጠገብ ይቆም ነበረ። እርሱ ግን በዚህ አላፈረም፤ ሥራን የሚያሳፍረው ስንፍና እንጂ አገልግሎት አይደለምና።

የካህኑ ሚስት በሽተኞችን የምታክም፥ መድኃኒትም መቀመም የምታውቅ ሴት ነበረች። ቶማስ እጁ ቀልጣፋ መሆኑን ባየች ጊዜ መድኃኒት በምትቀምምበት ቀን እርሱን ትጠራው ነበረ። እርሱም ሥሩን እየወቀጠ፥ ቅጠሉን እያፈላ፥ መጠኑን እየለካ ይረዳት ነበረ። በዚያን ጊዜ ቶማስ ካህን ሊሆን እንጂ ሐኪም ሊሆን አላሰበም፤ ነገር ግን በሎሌነቱ ጊዜ ያየው ሥራ ኋላ የሕይወቱ መንገድ ሆነ።

በ1642 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በንጉሡና በምክር ቤቱ መካከል ጦርነት ተነሣ። ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስም ኦክስፎርድን መቀመጫው አደረገ። ከወታደሩ ብዛት የተነሣ በከተማው ተስቦ ገባ። በ1643 ዓ.ም. የቶማስ አባት በዚህ በሽታ ሞተ። ቶማስ የልጆች ሁሉ ታላቅ ነበረና ኀዘኑም ኀላፊነቱም በእርሱ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ከንጉሡ ወገን ሆኖ መሣሪያ ያዘ። ንጉሡ ግን ድል ሆነ፤ የንጉሡ ወገን የሆኑ ካህናትም ከቦታቸው ተባረሩ። እንዲህ ሲሆን ካህን የመሆን ተስፋው ስለ ተዘጋበት ሕክምናን ተማረ፤ በ1646 ዓ.ም. መጨረሻም ለማከም ፈቃድ ተቀበለ።

አንድ በር በተዘጋበት ጊዜ በደጅ ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው አለ፤ ሌላ በር የሚፈልግም አለ። ቶማስ ዊሊስ ሌላ በር የሚፈልግ ሰው ነበረ።

፫

ሐኪም በሆነበት በመጀመሪያው ጊዜ ወደ እርሱ የሚመጣ በሽተኛ እጅግ ጥቂት ነበረ። ቁመቱ መካከለኛ፥ ጠጕሩ ቀይ፥ ሲናገርም የሚንተባተብ ሰው ስለ ነበረ ባለጠጎች አልፈለጉትም። ስለዚህ በገበያ ቀን በአካባቢው ወዳሉት ገበያዎች ይሄድና በሕዝብ መካከል ተቀምጦ ሽንት በብልቃጥ እየተቀበለ በሽታውን ይመረምር ነበረ። ለብቻው ፈረስ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው እርሱና አንድ ባልንጀራው አንድ ፈረስ በጋራ ገዙ፤ ተራ በተራም ይቀመጡበት ነበረ።

በ1650 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ግን ስሙን በአገሩ ሁሉ ያሰማ ነገር ሆነ። አን ግሪን የምትባል የቤት ሠራተኛ ወጣት ሴት ነበረች። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃኗ ሞቶ ተገኘና እርስዋ ገድላዋለች ተብሎ ተከሰሰች፤ በስቅላትም እንድትሞት ተፈረደባት። በኦክስፎርድ ከተማ ተሰቅላ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ ሞታለች ብለው አወረዷት፤ በሣጥንም አድርገው ሐኪሞች የሰውነትን አሠራር እንዲማሩባት ወደ ዊልያም ፔቲ ቤት ወሰዷት። ፔቲ በኦክስፎርድ የሰውነትን አሠራር የሚያስተምር መምህር ነበረ።

ፔቲና ዊሊስ ሬሳውን ለመመርመር በመጡ ጊዜ ከጕሮሮዋ ጥቂት የትንፋሽ ድምፅ ሰሙ። በዚያን ጊዜ ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበረ፤ ሕጉ እንድትሞት ፈርዶባታልና፤ ለትምህርታቸውም ሬሳ ያስፈልጋቸው ነበረና። እነርሱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላመነቱም። የሚያነቃ ትኩስ መጠጥ በአፏ አፈሰሱ፥ እጆቿንና እግሮቿን አሹ፥ በትኩስ ነገር ሰውነቷን አሞቁ፥ በዚያ ዘመንም ልማድ ደም አወጡላት። ሙቀቷም እንዳይጠፋ ሌላ ሴት ከጐኗ እንድትተኛ አደረጉ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ መናገር ጀመረች፤ በጥቂት ቀንም ምግብ በላች፤ በአንድ ወር ውስጥም ፈጽማ ዳነች። ሹማምንቱም ምሕረት አደረጉላት። ከዚያ በኋላ አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች።

ሰውን ለማዳን የሚችል እውቀት ያለው ሰው ጊዜውን ቢያሳልፍ እውቀቱ ከንቱ ነው። ዊሊስና ባልንጀራው ከትምህርታቸው ይልቅ የአንዲትን ድሃ ሕይወት አስቀደሙ። ሕዝቡም ይህን በሰማ ጊዜ የገበያውን ሐኪም ማመን ጀመረ፤ በሽተኛውም ዕለት ዕለት በዛለት።

፬

በዚያ ዘመን የአንጐል ነገር ለሊቃውንት እንኳ ጨለማ ነበረ። ጥንት አንዳንዶች የሐሳብ መቀመጫ ልብ ነው ይሉ ነበረ። ሌሎችም አንጐል ውስጥ ባሉት ውሃ በያዙ ባዶ ክፍሎች ሐሳብ ይቀመጣል ብለው ያስተምሩ ነበረ። ዊልያም ሃርቪ የሚባለው ታላቅ ሐኪም ደም ከልብ ወጥቶ በሰውነት ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ በ1628 ዓ.ም. በመጽሐፍ ገልጦ ነበረ። ነገር ግን ደም አንጐልን እንዴት እንደሚመግብ ፈጽሞ ያስረዳ ሰው አልነበረም።

ዊሊስ ይህን ለማወቅ ፈለገ፤ ብቻውን ግን አልሠራም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው እንደሚባለው፥ እያንዳንዳቸው አንድ ጥበብ ያላቸውን ባልንጀሮች ሰበሰበ። ሪቻርድ ሎወር የሚባለው ሐኪም በስለት ሥራ እጁ እጅግ የተካነ ነበረ። ክሪስቶፈር ሬን የሚባለው ደግሞ የከዋክብት ሊቅና ሠዓሊ ነበረ፤ ይኸውም ኋላ በለንደን ያለውን ታላቁን የቅዱስ ጳውሎስን ቤተ ክርስቲያን ያነጸው ሰው ነው። ሎወር ይከፍታል፥ ዊሊስ ይመረምራል፥ ሬን ይስላል፤ ሦስቱም ስላዩት ነገር ይከራከራሉ።

ከእነርሱ በፊት የነበሩት መርማሪዎች አንጐልን በራስ ቅሉ ውስጥ እንዳለ ከላይ ወደ ታች እየቈራረጡ ይመለከቱ ነበረ። እንዲህ ሲሆን ከታች ያለው ክፍል ይበላሽባቸው ነበረ። አንጐል ለስላሳ ነውና ቶሎ ይፈርሳል። ዊሊስ ግን አንጐሉን እንዳለ በጥንቃቄ ከራስ ቅሉ አውጥቶ ገለበጠና ከታች በኩል ተመለከተው። ብርቱ አረቄ ሥጋን ከመበስበስ እንደሚጠብቅም በዚያ ዘመን ታውቆ ነበረና በዚህ እየተረዱ ሥራቸውን ሳይቸኵሉ አከናወኑ።

ከታች በኩል ያዩትም ይህ ነው። አራት የደም ሥሮች ከአንገት ወደ አንጐል ይወጣሉ። ሁለቱ በአንገት ፊት በቀኝና በግራ የሚሄዱ ወፍራሞች ናቸው። ሁለቱ ደግሞ በኋላ በኩል በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ እያለፉ ይወጣሉ፤ የራስ ቅል ውስጥ ከገቡ በኋላም ተገናኝተው አንድ ሥር ይሆናሉ። ይህ አንዱ ሥር በአንጐል ግንድ ላይ ተኝቶ ወደ ላይ ይወጣና እንደ ባላ እንጨት እንደ ገና ለሁለት ይከፈላል። የፊተኞቹንና የኋለኞቹን ሥሮች ደግሞ ቀጫጭን ሥሮች ያገናኟቸዋል። እንዲህ ሆኖ ሁሉም በአንድነት ቀለበት ይሠራሉ።

ከዚህ በፊት የዚህን ቀለበት ክፍል ያዩ ሌሎች ሊቃውንት ነበሩ። ነገር ግን ቀለበቱን ሁሉ በግልጥ ያሳየና ለምን እንደ ተሠራ ያስረዳ ዊሊስ ነው። ይህንም ለመረዳት በቀለም የተነከረ ውሃ በአንዱ የአንገት ሥር አስገቡ። ቀለሙም በአንድ ወገን ብቻ አልቀረም፤ በቀለበቱ በኩል አልፎ በሌላው ወገን ያሉትንም ሥሮች ሁሉ አቀለማቸው።

ይህን ነገር አንድ ገበሬ በቀላሉ ያስተውለዋል። አራት ቦዮች ወደ አንድ እርሻ ውሃ ቢያመጡ፥ በእርሻውም ራስ ላይ አራቱን የሚያገናኝ ክብ ቦይ ቢቈፈር፥ ከአራቱ አንዱ በድንጋይ ቢዘጋ እርሻው አይደርቅም። ውሃው በክቡ ቦይ ዞሮ ወደ ደረቀው ወገን ይሄዳልና። ክቡ ቦይ ባይኖር ግን በዚያ ወገን ያለው እህል ሁሉ ይጠወልጋል።

ዊሊስ ይህን በሐሳብ ብቻ አልተናገረም፤ በአንድ ሰው ላይም አየው። ይህ ሰው በሆዱ ውስጥ በበቀለ እብጠት የሞተ ነበረ። ሬሳው በተመረመረ ጊዜ በቀኝ በኩል ያለው የፊተኛው የደም ሥር በራስ ቅሉ ውስጥ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተዘግቶ ተገኘ። ደም በዚያ በኩል አያልፍም ነበረ። ነገር ግን ሰውዬው በሕይወቱ ሳለ ሽባ አልሆነም፥ አእምሮውም አልጠፋም። ምክንያቱ ምንድር ነው ብለው በፈለጉ ጊዜ፥ በዚያው ወገን ያለው የኋለኛው ሥር ከባልንጀራው ሦስት እጥፍ ያህል ሰፍቶ አገኙት። የፊተኛው ሥር በደከመ ጊዜ የኋለኛው የእርሱን ሸክም ተሸክሞለት ነበረ። ሰውዬውም ይህን ሳያውቅ ኖረ፥ ሳያውቅም ሞተ።

፭

በ1660 ዓ.ም. ዳግማዊ ቻርልስ በነገሠ ጊዜ ዊሊስ በኦክስፎርድ የተፈጥሮ ትምህርት ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። የሚንተባተበው ሰው እንዲህ መምህር ሆነ፤ ብዙ ጐበዞችም ሊሰሙት መጡ። ከሚሰሙትም አንዱ ኋላ በፍልስፍና ታላቅ ስም ያገኘው ጆን ሎክ ነበረ።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1664 ዓ.ም.፥ ስለ አንጐል አሠራር የጻፈው መጽሐፍ በላቲን ቋንቋ ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የክሪስቶፈር ሬን ሥዕሎች ነበሩበት፤ እንደ እርሱ ያለ ግልጥ የአንጐል ሥዕል ከዚያ በፊት አልታየም። ዊሊስ በመጽሐፉ መግቢያ ሎወርና ሬን እንዲሁም ሌላው ባልንጀራው ሚሊንግተን እንደ ረዱት ስማቸውን ጠርቶ መሰከረ። የሰውን ድካም የራሱ አስመስሎ የሚናገር ብዙ ነው፤ ዊሊስ ግን ከዚህ ራሱን ጠበቀ።

የዊሊስ አሳብ ሁሉ ትክክል ነበረ ማለት አይደለም። በአንጐልና በጅማት ውስጥ ረቂቅ መንፈስ እንደ ውሃ ይፈሳል ብሎ ያስተማረው ኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። የሚሰጣቸውም መድኃኒቶች ብዙዎቹ ዛሬ ተትተዋል። ነገር ግን በዓይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ የጻፈው አልፈረሰም። ከዚህ የተነሣ ግምት ያረጃል፥ በጥንቃቄ የታየ ነገር ግን አያረጅም ማለት ይቻላል።

፮

በ1667 ዓ.ም. ዊሊስ ወደ ለንደን ሄደ። በዚያም ብዙ በሽተኞች ወደ እርሱ ስለ መጡ በከተማው ካሉ ሐኪሞች ሁሉ ይልቅ ገቢው የበዛ ሆነ። አንድ ፈረስ በጋራ ይቀመጥ የነበረው ሰው አሁን መሳፍንት ይፈልጉት ጀመር። ሀብት ግን ሁለት ነገር አላስረሳውም፤ እነርሱም እውነትና ድሃ ናቸው።

የንጉሡ ወንድም፥ የዮርክ መስፍን፥ ልጆቹ በሕፃንነታቸው እየሞቱ ያዝን ነበረ። አንድ ጊዜ ወንድ ልጁ በታመመ ጊዜ ዊሊስ ተጠራ። ዊሊስ ሕፃኑን ከመረመረ በኋላ በሽታው ከመጀመሪያው ከሥሩ የመጣ እንደ ሆነ፥ የሕይወቱ መሠረት ደካማ እንደ ሆነ ሳይሸፍን ተናገረ። ይህ ነገር መስፍኑን እጅግ አስቈጣው፤ ከዚያም በኋላ ዊሊስ ወደዚያ ቤት አልተጠራም። ሌላ ሐኪም ቢሆን ደስ የሚያሰኝ ነገር ተናግሮ ሽልማት ይቀበል ነበረ። ዊሊስ ግን የመስፍኑን ወዳጅነት አጣ እንጂ እውነትን አላጣም። ይህ ሰው ኋላ ዳግማዊ ጄምስ ተብሎ በእንግሊዝ ላይ ነገሠ።

ለድሆች ግን በሩ የተከፈተ ነበረ። እሑድ ቀን አክሞ የሚያገኘውን ገንዘብ ለድሆች ይሰጥ ነበረ። በለንደን ሳለም ለሥራ ማልደው የሚወጡ ሠራተኞች አስቀድመው ጸሎት እንዲያደርሱ በሰፈሩ ባለች ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ማለዳ ጸሎት እንዲደረግ ለካህኑ ደመወዝ ቈረጠ።

በሽተኞችንም ሲመረምር በገበያ የለመደውን ትጋት አልተወም። ሽንት በሚበዛበት በሽታ የታመሙ ሰዎች ሽንታቸው እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን ጽፎ አስረዳ፤ ይህም በሽታ ዛሬ የስኳር በሽታ የሚባለው ነው። ታላቅ ሐኪም ከሆነ በኋላም እንዲህ ያለውን ነገር ለመመርመር አልተጸየፈም።

በ1657 ዓ.ም. ያገባት ሚስቱ ሜሪ በ1670 ዓ.ም. ሞተች። ከልጆቻቸውም ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሞተውበት ነበረ። የሌሎችን ልጆች የሚያክመው ሰው የራሱን ልጆች ማዳን አልቻለም። ኀዘኑ ግን ሥራውን አላስተወውም፤ የታመመን ሰው ኀዘን ይበልጥ እንዲያውቅ አደረገው እንጂ። እርሱም በኅዳር ወር 1675 ዓ.ም. በሳንባ ምች ታሞ በ54 ዓመቱ ሞተ። ነገሥታትና ታላላቅ ሰዎች በተቀበሩበት በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያንም ከሚስቱ አጠገብ ተቀበረ።

፯

ዊሊስ ያየው ቀለበት ለብዙ ዘመን የሊቃውንት እውቀት ብቻ ሆኖ ኖረ። በእርሱ ምክንያት የሞት በሽታ የሚድንበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበረና። ያም በሽታ እንዲህ ነው።

ውሃ የተሞላ ስልቻ ቆዳው በሳሳበት በኩል ይነፋል፤ ቢቈይም ይፈነዳል። የደም ሥርም እንዲሁ ግድግዳው በሳሳበት ቦታ እንደ ትንሽ ፍሬ ያብጣል። በአንጐል ውስጥ ይህ እብጠት የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚሁ ቀለበት ላይ፥ ሥሮች በሚከፈሉበት መንታ ቦታ ነው፤ ደም በብርታት የሚመታው በዚያ ነውና። እብጠቱ ሲፈነዳ ሰውዬው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ብርቱ የራስ ምታት ድንገት ይይዘዋል፤ ብዙ ሰውም ከዚህ የተነሣ ይሞታል።

በጥንት ጊዜ ሐኪሞች ይህን በሽታ የሚያውቁት ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነበረ። በ1927 ዓ.ም. ግን ኤጋስ ሞኒዝ የሚባል የፖርቱጋል ሐኪም በአንገት ሥር መድኃኒት አስገብቶ በራጅ የአንጐልን የደም ሥሮች በሕያው ሰው ላይ አሳየ። ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በ1937 ዓ.ም.፥ ዋልተር ዳንዲ የሚባል የአሜሪካ ሐኪም በባልቲሞር ከተማ የአንድን በሽተኛ የራስ ቅል ከፍቶ የእብጠቱን አንገት በትንሽ የብር መቆንጠጫ ያዘው። ደም ወደ እብጠቱ መግባት አቆመ፤ ዋናው ሥር ግን እንደ ተከፈተ ቀረ። በሽተኛውም ዳነ።

ይህ እብጠት ከቀለበቱ በፊተኛው ወገን ያለ ነበረ። በኋለኛው ወገን፥ ሁለቱ ሥሮች አንድ ሆነው በሚወጡበት በአንጐል ግንድ ፊት ያለውን እብጠት ግን የሚደፍር አልተገኘም። ቦታው እጅግ ጥልቅ ነው። የአንጐል ግንድም የመተንፈስ፥ የመዋጥ፥ የመንቃትና የመተኛት ሁሉ መሪ ነው። እንደ ጠጕር የቀጠኑ ትንንሽ ሥሮችም ከዚያ ወጥተው ይመግቡታል። ከእነርሱ አንዱ ቢቈረጥ ወይም ከመቆንጠጫው ጋር ቢያዝ በሽተኛው ዳግመኛ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ይህን ቦታ እጅ የማይደርስበት ነው ብለው ትተውት ነበረ።

ቻርልስ ድሬክ የሚባል የካናዳ ሐኪም ግን ሌሎች የተዉአቸውን በሽተኞች ተቀበለ። በ1961 ዓ.ም. በዚህ ቦታ ስላከማቸው አራት በሽተኞች ጻፈ። በመጀመሪያ ሥራው ከባድ ነበረ፤ ሞትም ያጋጥመው ነበረ። እርሱ ግን የዳኑትን ብቻ ቈጥሮ የሞቱትን አልደበቀም፤ የተሳሳተበትን ጭምር ለሌሎች ሐኪሞች ገልጦ ይናገር ነበረ፤ እነርሱ በዚያው ስሕተት እንዳይወድቁ። ለእነዚያ ቀጫጭን ሥሮች መንገድ የሚተው፥ በመካከሉ ቀዳዳ ያለበት መቆንጠጫም አሠራ። አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ በሕክምና ቤት በገባ ጊዜ ደግሞ ሥራው እጅግ ተሻሻለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ከአራቱ በሽተኞች የተጀመረው ሥራ በ1996 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የ1767 በሽተኞች ታሪክ ሆነ።

ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጉልዬልሚ የሚባል የኢጣልያ ሐኪም ባሳየው መንገድ የራስ ቅልን ሳይከፍቱ ማከም ተቻለ። ቀጭን ቧንቧ ከእግር የደም ሥር ጀምሮ እስከ አንጐል ይገባና እብጠቱ ውስጥ ከፕላቲነም የተሠራ ለስላሳ ክር ይጠቀለላል፤ ደምም ወደዚያ መግባት ይከለከላል። ዛሬ በኋለኛው ወገን ያሉ እብጠቶች አብዛኞቹ በዚህ ዓይነት ይታከማሉ። ከቦታው ክፋት የተነሣ ግን በቢላዋ ብቻ የሚሠሩም አሉ።

እነዚህ ሐኪሞች ሁሉ፥ ቢላዋ የያዘውም ቧንቧ የያዘውም፥ ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ሥር ቢዘጋ ደም በሌላ በኩል ይደርሳልን? መልሱም የሚገኘው ከዊሊስ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሰፊ የሆነለት በሽተኛ አንድ ሥር ቢዘጋበት ይኖራል፤ ቀለበቱ በአንድ ወገን ቀጭን ወይም የተቋረጠ የሆነበት ግን ይጐዳል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ የእያንዳንዱን በሽተኛ ቀለበት በራጅ ሥዕል ይመረምራል፤ ከዚያም በኋላ እጁን ያነሣል።

፰

ከዚህ ታሪክ ብዙ ትምህርት ይገኛል። ቶማስ ዊሊስ በልጅነቱ ምሳውን ለድሃ የሰጠ ነበረ፤ በጕብዝናው ሰማያዊ ካባ ለብሶ በበር የቆመ፥ በገበያም ለሕዝብ የተቀመጠ ሰው ነበረ። እናቱን በልጅነቱ፥ አባቱን በጦርነት ጊዜ አጣ፤ ያሰበውም የክህነት መንገድ ተዘጋበት፤ ምላሱም ይንተባተብ ነበረ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ለስንፍና ምክንያት አልሆነውም።

በአረቄ የተጠበቀ አንጐል ገልብጦ የታችኛውን ወገን በተመለከተ ጊዜ፥ ከእርሱ በኋላ በሦስት መቶ ዓመት በካናዳ አገር ስለሚድን በሽተኛ አላሰበም። በፊቱ ያለውን ነገር በእውነትና በትጋት አየ፤ ያየውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ጻፈ። ዳንዲና ድሬክም እንዲሁ እያንዳንዳቸው ከባልንጀራቸው የተቀበሉትን ጥቂት ጨምረው ለሚቀጥለው ሰጡ።

የተዘጋውን ሥር ሸክም ሌላው ሥር ተሸክሞለት ሰውዬው ሳያውቅ እንደ ኖረ፥ እንዲሁ ብዙ ሰው ስማቸውን በማያውቃቸው በትጉሃን ሰዎች ድካም ይኖራል። ዛሬ ፊደል የሚቈጥር ልጅ የሚማረውን በሚገባ ቢማር፥ ያየውንም በእውነት ቢናገር፥ አንድ ቀን እርሱ በማያውቀው ሰው ሕይወት ውስጥ የእርሱ ሥራ ይገኛል።